ማስቲካ የማይሆን ስንዴ

አዛናው የሞተው እንደ ተቀመጠ ነው። ጀርባውን ለዘር ቤቱ ግድግዳ ሰጥቶ፣ እግሮቹን ዘርግቶ፣ የታኘከ ነገር በግራ ጉንጩ ይዞ ነበር። አጠገቡ ሲሶው የጎደለ የአረቄ ጠርሙስ ቆሟል። በመስኮቱ ደፍ ላይ ደግሞ ባቄላ የሚያካክሉ፣ ግራጫማ፣ ደርቀው የጠነከሩ አሥራ ሰባት እንክብሎች በሰልፍ ተደርድረዋል።

ጊዜው ግንቦት 1977 ዓ.ም. ነው። የስንዴ ምርምር ጣቢያው ከወረታ ወጣ ብሎ፣ የፎገራ ሜዳ ውሃ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ የተሠራ ሲሆን፣ ሦስት ቆርቆሮ ቤትና መንቀሳቀስ ካቆመ ሁለት ዓመት ያለፈው ትራክተር ነበረው። አዛናው እዚያ አሥራ አንድ ዓመት ሠራ፤ የሠራውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለመጠጥ ፋብሪካ የሚሆን ስንዴ። ለዳቦ የሚመረጠው ስንዴ ለአልኮል ብዙም አይረባም። ፋብሪካው የሚፈልገው ለስላሳና ዱቄታም የሆነ፣ ሲጠመቅ ብዙ አልኮል የሚወጣውን ነው። አዛናው ይህን ለማግኘት ከሺህ ዛላ አንዱን እየመረጠ፣ የመረጠውን እየዘራ፣ ከዘራው እንደገና እየመረጠ ፀጉሩ ሸበተ። ሚስት አላገባም፤ ከእናቱ ጋር ነበር የሚኖረው። የወረታ ሰው «ሚስቱ ስንዴ ናት» እያለ ይቀልድበታል፣ እሱም አብሮ ይስቃል። በዚያ ዓመት የአሥራ አንድ ዓመት ድካሙ በአንድ ጆንያ ተጠቃሎ፣ ሰኔ ገብቶ እስኪዘራ ድረስ በዘር ቤቱ ተቆልፎበት ተቀምጦ ነበር።

የጤና ረዳቱ ሬሳውን አየና መርዝ ነው አለ። ጠርሙሱን ያመጣችው ስንዱ መሆኗን ሁሉም ያውቃል። ስንዱ አረቄ የምታወጣ ሴት ናት፤ አዛናው በየዓመቱ ከምርቱ ጥቂት እየሰጣት፣ ከዚያ ስንት ጠርሙስ እንደሚወጣው ትነግረው ነበር። የሸክላ ሠሪ ልጅ ስለሆነች ሰው ቀድሞም ዓይኗን ይፈራል። እሷን ለመጠርጠር ብዙ ማሰብ ያስፈለገው ሰው አልነበረም፤ በማግስቱ ጠዋት ታሰረች።

ከጎንደር የመጣው ሻለቃ ነገሩን ይበልጥ አከበደው። የመንግሥት ተመራማሪ በረሃብ ዓመት በመርዝ ሞቷል፤ ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው አለ። ሴትየዋን ከሠልስቱ በኋላ ይዟት ሊሄድ ቆረጠ። በዚያ ዘመን በአሻጥር ተከሶ የተወሰደ ሰው ቶሎ አይመለስም፣ አንዳንዱም ጨርሶ አይመለስም። ስንዱ ደግሞ አባት የሌላቸው ሦስት ልጆች አሏት። የወረታው መርማሪ ሃምሳ አለቃ ደሴ የተሰጠው ጊዜ ሁለት ቀን ብቻ ነበር።

ደሴ አጭር፣ ጆሮው ሰፊ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ የተወለደው ቁሐር ሚካኤል ከገበሬ ቤት ነው። ወደ ዘር ቤቱ እንደገባ መጀመሪያ ያደረገው ነገር የጤና ረዳቱን አስደነገጠው። ጠርሙሱን አንስቶ ሁለት ጊዜ ተጎነጨለት። የምርመራ ማስረጃ በመጠጣት ከፖሊሶች ሁሉ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ጉንጩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ፣ ደህና መሆኑን አረጋግጦ፣ ወደ መስኮቱ ሄደ። ከእንክብሎቹ አንዱን በውሃ አርሶ በጣቱ ጎተተው። ተለጠጠ። ደሴ ምን እንደሆነ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም። ስንዴ አኝኮ ማስቲካ ያልሠራ የገበሬ ልጅ የለም።

ሻለቃው ግን የደሴን መጎንጨት እንደ ማስረጃ አልቆጠረውም። መርዙ በብርጭቆው ውስጥ ሊሆን ይችላል አለ። ብርጭቆ አልነበረም፤ ቢሆንም ሻለቃ ሻለቃ ነው።

ደሴ ስንዱን ያገኛት በፖሊስ ጣቢያው እስር ቤት ወለል ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ነው።

«ስንት ሰዓት ሄድሽ?» አላት።

«አሥር ሰዓት ገደማ። የአምናውን አረቄ ላደርስላቸው።»

«ምን ይመስል ነበር?»

«ላብ አጥምቋቸዋል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ጋሼ፣ ጤና ጣቢያ ልውሰድዎት ብላቸው በጄ አላሉም። አፌን መረረኝ ብለው በአረቄው ተጉመጠመጡና ተፉት። ከዚያ ሂጂ አሉኝ።»

«ሌላስ ምን አለሽ?»

«ለእማዬ እዚህ አድራለሁ ብሏል በያት፤ መታመሜን ግን እንዳትነግሪያት አሉኝ። እኔም እንዳሉኝ አደረግሁ። ጎትቻቸው ብሄድ ኖሮ ምን ነበረበት።»

ደሴ እስክትረጋጋ ጠብቆ ስለ ስንዴ ጠየቃት። አዛናው በአጨዳ ጊዜ ከየዛላው አምስት ፍሬ ያኝክ እንደነበር ነገረችው። አፍ ውስጥ ማስቲካ የሆነውን ተፍቶ ዛላውን ይጥለዋል፤ እንደ ዱቄት ሟሙቶ የሚያልቀውን ግን ያስቀረዋል።

«የእሳቸው ስንዴ መቼም ማስቲካ አይሆንም» አለች። «ልጆቼ ስንት ጊዜ ሞክረው ተናደውበታል።»

ደሴ ከዚያ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ዘር ቤቱ ተመለሰ። የአዛናው ስም ያለበት ጆንያ ተከፍቷል። እጁን ከላይ፣ ከመካከል፣ ከታችም አስገብቶ ዘገነ። የሦስቱንም አኘከና ቶሎ ተፋው። የሦስቱም ማስቲካ ሆነ፤ የሦስቱም ይመራል። አፉን ደጋግሞ ታጠበና ፍሬዎቹን ወደ ብርሃን ይዞ ወጣ። ወዛቸው ጠፍቷል፤ ውሃ ነክቷቸው የደረቁ ናቸው። በመርፌ ጫፍ የአንዱን ፍሬ ስንጥቅ ሲፍቅ ከውስጡ ቀይ ነገር ወጣ። ሌላም ፋቀ። እሱም ቀይ ነው። ከዚያ በሰፌድ ላይ በተነውና ረጅም ጊዜ አየው። ጠጠር የለም፣ እንክርዳድ የለም፣ የተሰበረ ፍሬ እንኳ የለም። ሰፌዱን አስቀምጦ ወጣና በሩን ቆለፈው።

ረዳቱ አለምነህ ሠላሳ ያልሞላው፣ ደረቱ ላይ ባጅ የማይለየው ወጣት ነው። ከአዛናው ጋር ባለፈው ወር በጩኸት ተጣልተዋል። የጠቡን ምክንያት ሲጠየቅ አፈረ። ለአዲሱ ዝርያ «ወደፊት» የሚል ስም እንዲሰጠው ለምኖ ነበር፤ አዛናው ግን በማመልከቻው ላይ «ወለተ ሚካኤል» ብሎ ጻፈ። የእናቱ ስም ነው። የቅዱስ ስም ያለበት ወረቀት ከበላይ አካል እንደማያልፍ ቢነግረውም አልሰማውም።

«የዘር ቤቱ ቁልፍ የት ነው የሚቀመጠው?» አለው ደሴ።

«አንድ ቁልፍ ነው ያለው። ወደ ማሳ ሲሄድ ከቤቱ ምሰሶ ላይ ይሰቅለዋል። እኔ ምሳ የምበላው እዚያ ነው። ስንዱም ትገባለች፣ የነፍስ አባቱ ቄስ ገብረ ኪዳንም ይመጣሉ።»

«ቀዩ ዘርስ?»

አለምነህ ቀዩ ዘር ለገበሬ ማኅበራት የመጣ የዳቦ ስንዴ መሆኑን ነገረው። ነቀዝና ዋግ እንዳይበላው መድኃኒት ተቀብቶ በግልጽ መጠለያ ሥር ተከምሯል። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ጆንያ ጎድሎ ነበር፤ ገበሬ ወስዶ ዘራው ብሎ ዝም አለ።

«ቢታጠብ ይበላል?»

«ኧረ በጭራሽ። ቀለሙ ለማስፈራሪያ ነው እንጂ መርዙ ቀለሙ አይደለም። መድኃኒቱ ወደ ፍሬው ይሰርጋል። ይህን በስብሰባ ላይ ለሁሉም አስተምሬያለሁ።»

«ለሴቶቹም?»

«ለማኅበሩ አባላት ነው፤ ለወንዶቹ» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ደሴ ወደ ቁሐር ሚካኤል ወረደ። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ከበለሳና ከእብናት በኩል ረሃብ ባፈናቀላቸው ሰዎች ሞልቷል። ቄስ ገብረ ኪዳን በመካከላቸው ይዘዋወራሉ። ሕዝብ እየተራበ ለአረቄ የሚሆን ስንዴ ማልማት ኃጢአት ነው ብለው በእሑድ ስብከታቸው አዛናውን ስም ሳይጠሩ የወቀሱት እሳቸው ናቸው። ሰውም ይህን አልረሳም።

ደሴ ለቄሱ ሰላምታ ሰጥቶ ቂጣ ከምትጋግር ሴት አጠገብ ተቀመጠ። ስለ ዱቄቱ ጠየቃት። የዛሬው ደህና ነው አለችው፤ የሦስት ሳምንት በፊቱ ግን ጉድ ነበር። ሊጡ አልያያዝ ብሎ ቂጣው እጅ ላይ ይፈርሳል፤ በመጨረሻ ትተው ገንፎ አደረጉት። ቢሆንም ነፍስ አትርፏል፤ ለስድስት ቀን ልጆቹን እሱ ነው የያዛቸው።

«አባ» አለ ደሴ ወደ ቄሱ ዞሮ፣ «ያን ስንዴ ማን አመጣው?»

«እግዚአብሔር።»

«በምን ጭኖ?»

ቄሱ ፈገግ ለማለት ሞከሩና አልሆነላቸውም። «ልጄ፣ የሰማሁትን ሁሉ ልናገር አልችልም። ለምን እንደማልችል ታውቃለህ።»

ደሴ ያውቃል። በንስሐ የተነገራቸው ነው። እጃቸውን ተሳልሞ ተነሣ።

ከዚያ ወደ ለቅሶው ቤት ሄደ። የአዛናው እናት እማማ ወለተ ሚካኤል በድንኳኑ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። አያለቅሱም፤ ማልቀሱ አልቆባቸዋል። ደሴ አጠገባቸው ተቀምጦ ስለ ልጃቸው ጠየቃቸው፤ በልጅነቱ ዳቦ እንጂ እንጀራ እንደማይወድ፣ እሳቸው ካላበጠሩት እህል የተሠራ ነገር እንደማይቀምስ ነገሩት። ያኔ አንዲት ጎረቤት ለለቅሶተኛው የሚቀቀል ስንዴ በሰፌድ ይዛ መጥታ አጠገባቸው አስቀመጠችና ወጣች። የእማማ ዓይን ከድንኳኑ በር ላይ ነው፤ የሚያዩት ነገር ግን የለም። እጃቸው ብቻ ወደ ሰፌዱ ሄደ። ጠጠር ያነሣል፣ እንክርዳድ ያነሣል፣ የተሰበረ ፍሬ ያነሣል። ባለቤቱ ሳያዘው የሚሠራ እጅ ነበር።

ደሴ ያን አየና ወጣ። ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። በሃያ ዓመት የፖሊስ ሥራው ነገሩ ባልገባኝ ብሎ የተመኘው ያን ቀን ብቻ ነው።

በሠልስቱ ሁሉም እዚያው ድንኳን ውስጥ ተሰበሰቡ። ሻለቃው ወንበር ቀርቦለት ተቀመጠ፤ አለምነህ ከኋላው ቆመ። ቄስ ገብረ ኪዳን መስቀላቸውን ይዘዋል። ስንዱ እጇ በካቴና ታስሮ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ደሴ ከመጀመሩ በፊት ወደ ሻለቃው ጎንበስ ብሎ፣ ሴትየዋ ንጹሕ መሆኗን በጽሑፍ አስረዳለሁ፣ ሌላውን እንተወው ሲል ለመነው። ሻለቃው ስም ካልተሰጠው ያለውን ይዞ እንደሚሄድ ነገረው።

ደሴ ቀና አለ።

«አዛናውን የገደለው አረቄው አይደለም» አለ። «ስንዱ ስትደርስ ታሞ ነበር። ከጠርሙሱ የጎደለው የተጉመጠመጠበት ነው፤ እኔም ከዚያው ጠጥቼ ይኸው ቆሜያለሁ። የገደለው ያኘከው ስንዴ ነው። አሥራ ስምንት ጊዜ ዘግኖ አኝኳል፤ አሥራ ሰባቱ መስኮቱ ላይ ናቸው፣ የመጨረሻው ጉንጩ ውስጥ ቀርቷል።»

«ለምን?» አለ ሻለቃው።

«ለሰኔ ሊያዘጋጀው ጆንያውን ከፍቶ እንደ ልማዱ አኘከ፤ የመጀመሪያው ማስቲካ ሲሆንበት ደነገጠ። የእሱ ስንዴ ማስቲካ አይሆንም። ምናልባት ጥቂት ተቀላቅሎበት ይሆናል ብሎ ከመካከል ዘገነ፤ ከታችም ዘገነ። የአሥራ አንድ ዓመት ልፋቱን፣ አንድ ፍሬ እንኳ ቢገኝ ብሎ፣ በጥርሱ ሲፈልግ ነው የዋለው። ማስቲካውን ተፋ፤ መራራ ምራቁን ግን ዋጠ።»

አለምነህ ማልቀስ ጀመረ። ደሴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። በጆንያው ውስጥ ያለው መርዝ የተቀባው ቀይ ዘር ነው፤ ታጥቦ ቀለሙ ለቋል፣ በፍሬው ስንጥቅ ውስጥ ግን ቀርቷል። የአዛናው ስንዴ ደግሞ ቁሐር ሚካኤል ደርሷል፤ ሊጡ አልያያዝ ያለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ወሳጁ ሌባ አይደለም። ንጹሑን ለተራበ ሰጥቶ፣ የማይበላውን ለመሬት ያስቀረ ሰው ነው።

«ማነው?» አለ ሻለቃው።

«አለምነህ አይደለም፤ ዘር በማጠብ መርዝ እንደማይለቅ የሚያስተምረው እሱ ነው። አባ ገብረ ኪዳንም አይደሉም፤ ስንዴው የታጠበውም የተለቀመውም እህል ሲያሰናዳ በኖረ እጅ ነው። ስንዱም አይደለችም። ቤቷን አይቻለሁ፤ ለአረቄ የሚሆን እህል ጠጠር አይለቀምለትም፣ እሷም ለቅማ አታውቅም። ይህኛው ግን አንድ በአንድ ተለቅሟል። ለሚዘራ ዘር ማንም እንደዚያ አይደክምም። እጁ እምቢ ካላለው በቀር።»

ሻለቃው ጠበቀ። ስም ወደ ደሴ አፍ ደርሶ አልወጣ አለ። ቄሱ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

የተናገሩት እማማ ወለተ ሚካኤል ናቸው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ከንግግሩ ግማሹን የሰሙ አይመስሉም ነበር።

«እኔ ነኝ» አሉ። «እኔ ነኝ የለቀምኩት።»

እሳቸው የሚናገሩት ለሻለቃው ሳይሆን ለደሴ ነበር፤ እንዲያስረዳቸው እንደሚለምኑ ሁሉ።

«ልጆቹ ሣር ሲበሉ አየሁ። ከአፋቸው ሣሩን ሳወጣ ነከሱኝ። ልጄ ደግሞ ጆንያ ሙሉ ስንዴ ቆልፎ ተቀምጧል። ብለምነው ይሰጠኛል፤ ከሰጠኝ ግን ያስሩብኛል። ቀዩ ዘር ከደጅ ወድቋል። ስንዴ ያው ስንዴ ነው፤ ንጹሑ ለሰው፣ ቀዩ ለመሬት አልሁ። እሱ ማሳ ሲውል ቁልፉን ከምሰሶው እያነሣሁ፣ ጥቂት በጥቂት በጀርባዬ አመላለስኩት። አይቶ እንዳይከፋ ብዬ አጠብኩት። ለአፉ አልነበረም እኮ። ለአፉም ቢሆን አጥቤዋለሁ። በሰባት ውሃ ነው ያጠብኩት፣ ውሃው ኩልል እስኪል።»

ስንዱ በታሰረ እጇ እየዳኸች መጣችና ጭንቅላቷን ከእማማ ጉልበት ላይ ጣለች። ድንኳኑ ውስጥ ለቅሶው እንደገና ፈነዳ፤ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ከፋ። ሻለቃው ከወንበሩ ተነሣና የስንዱ ካቴና እንዲፈታ አዘዘ። አሮጊቷ ጣቢያ ሄደው ቃላቸውን ይስጡ፣ ከዚያ ወደ ቤታቸው ይመለሱ፤ እኔ በስሕተት ብዬ እጽፈዋለሁ አለ። ሌላ ቃል ሳይጨምር መኪናው ውስጥ ገባ።

ደሴና እማማ፣ እሱ ክንዳቸውን ይዞ፣ በእግር ሄዱ። ለቅሶተኛው ራቅ ብሎ ተከተላቸው። ገበያው አጠገብ ሲደርሱ እማማ ቆሙ።

«ልጆቹስ? የበሉት?»

«ደህና ናቸው፤ ትናንት አይቻቸዋለሁ። እነሱ የበሉት ንጹሑን ነው።»

ጥቂት ተራመዱና እንደገና ቆሙ።

«እኔ መሆኔን አውቆ ነው የሞተው?»

ደሴ ይህን ጥያቄ ለራሱ ደጋግሞ ጠይቆ መልሱን ያገኘው ያን ጊዜ ድንጋዩ ላይ ሳለ ነው። አዛናው በእናቱ እጅ የተለቀመ እህል በልቶ ያደገ ሰው ነው፤ ሰፌድ ላይ ሲበትነው ማን እንደለቀመው አላጣውም። ላቡ ሲመጣም ምን እንደዋጠ ያውቃል። ጤና ጣቢያው የሩብ ሰዓት መንገድ ነበር። እዚያ ቢሄድ ግን የበላኸው ምንድን ነው፣ ማን ሰጠህ ይሉታል። ስለዚህ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ፤ ስንዱንም ለእማዬ እንዳትነግሪያት አላት።

«አላወቀም፣ እማማ» አለ ደሴ።

«ማርያምን በል።»

ገጠር ተወልዶ ያደገ ሰው ይህ መሐላ ምን እንደሆነ ያውቃል። ደሴ ፊታቸውን አየ።

«ማርያምን።»

እማማ በረጅሙ ተነፈሱና ነጠላቸውን አስተካከሉ። እስከ ጣቢያው ድረስ ሌላ ነገር አልጠየቁም። ደሴ ከዚያ ቀን ወዲህ፣ ቁሐር ሚካኤልም ሆነ ወረታ፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ገብቶ አያውቅም። በየወሩ በማርያም ዕለት ከበሩ ውጭ ቆሞ ይሳለምና ወደ ሥራው ይሄዳል።